አዎ፣ ገና መሆኑን እናውቃለን

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች የሙዚቃ መራጮች በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በገና ማለዳ ስለሚለቀቅ አንድ ዘፈን ቅሬታ ስለማቅረብ፤ እንዲሁም በምትኩ አንድ የተረሳ አልበም እንዲደመጥ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉ አልፏል፣ አውቃለሁ። ግን እስከ ጥምቀት ድረስ እንኳን አደረሳችሁ ይባላል፤ እናቴ እንደዛ ነው ያስተማረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገና ማለዳ ሁለት ሰዓት ገደማ ከመገናኛ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንዲት እናት ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ትኩስ ነው። ሙቀቱ እኔ ጉልበት ድረስ ይመጣል። የኮባውና የጥቁር አዝሙዱ ሽታ መኪናውን ስለሞላው ተሳፋሪው ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ነው። ይሄኔ ሬዲዮው ላይ ከእናንተ አንዱ (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሁላችሁም ስለምታደርጉት) «ለበዓሉ ድምቀት» ብሎ ያንን የእንግሊዞች ዘፈን ለቀቀው።

እናትየው ትንሽ አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን እያለ ነው?»

«'ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?' ነው የሚለው።»

«እነማን?»

«እኛ።»

ዝም አሉ። ዳቦውን አዩት። ከዚያ «ታዲያ ይሄን ለምን የጋገርኩት መስሎት ነው?» አሉ።

ረዳቱ ሳቀ፣ ሹፌሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ፒያሳ ደርሰን ስንወርድ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም። ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው፣ ዘፈኑ ይታገድ እያልኩ አይደለም። ማገድ የእኔ ሙድ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። ያንን ዘፈን፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ለእኛ እርዳታ ማሰባሰቢያ የተሠራውን፣ ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ አወጣ። ሁለተኛው የግል አልበሙ ነበር። ሰው አልሰማውም። እናንተም አልሰማችሁትም። እኔም በአጋጣሚ ነው የሰማሁት። ያንን ልቀቁልን ነው የምለው።

ሰውየው ሚጅ ዩር ይባላል። ቦብ ጌልዶፍን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጸጉሩ የተንጨባረረው፣ በቴሌቪዥን ጠረጴዛ የሚደበድበው አየርላንዳዊ ነው። ዩርን ግን ማንም አያስታውሰውም። ስኮትላንዳዊ ነው፣ ከግላስጎው አጠገብ ካምበስላንግ በ1953 የተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ)። ትክክለኛ ስሙ ጄምስ ነው። ልጅ ሆኖ የገባበት ባንድ ውስጥ ሌላ ጂም ስለነበረ ስሙን ገልብጠው «ሚጅ» አሉት። በፊደል ጻፉትና ከኋላ አንብቡት፤ «ጂም»፣ «ምጂ»። በእኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው በላይ ያምራል።

ሙያው ሲንተ-ፖፕ ነው። እዚህ ሀገር ሲንተሳይዘሩን «ኪቦርድ» ብለን ነው የምንጠራው፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬ «ኦርጋን» ይለዋል። ሲንተ-ፖፕ ማለት ጊታሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ኪቦርዱን ፊት ያመጣ ሙዚቃ ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚያው በ1980ዎቹ እዚህም ትራምፔቱና ሳክስፎኑ እየሳሳ ኪቦርዱ እየገነነ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ቁጭ ብሎ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር ብቻውን አዋህዶ «ሸሞንሟናዬ»ን የሠራው በዚሁ ዘመን ነው። ስለዚህ «ይሄ የፈረንጅ ድምፅ ለአድማጫችን ይከብዳል» የምትል ሰበብ እንዳትመጣብኝ። በእኛ አቆጣጠር የሰባዎቹን ካሴት ያደመጠ ጆሮ ኪቦርድ አይከብደውም።

ዩር አልትራቮክስ የሚባል ባንድ ድምፃዊ ነበር። ትልቁ ሥራቸው «ቪየና» በ1981 እንግሊዝ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ። አንደኛነቱን የከለከለው ጆ ዶልቼ የሚባል ሰው የዘፈነው የቀልድ ዘፈን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ! እንግሊዞች እስከ ዛሬ በዚህ ያፍራሉ። እኔ ግን የምለው፣ ሰውየው ሁለተኛነት የተጻፈለት ነው። «ቪየና» ሁለተኛ። በ1985 ያወጣው የመጀመሪያ የግል አልበሙ ሁለተኛ። በእርዳታው ታሪክ ከጌልዶፍ ቀጥሎ ሁለተኛ። አሁን ደግሞ እኔ የምለምንለት ሁለተኛ አልበሙን ነው።

ወደ ዘፈኑ እንመለስ። ጥቅምት 1977 በእኛ አቆጣጠር ነው። የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት የረሃቡ ዘገባ ተላለፈ። ጌልዶፍ አየው፣ ደነገጠ፣ ለዩር ደወለ። ዩር ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ነበረው። እዚያ ተቀምጦ በአራት ቀን ውስጥ ሙዚቃውን ብቻውን በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ሠራው። ትሬቨር ሆርን የሚባለው ስመ ጥር ፕሮዲዩሰር ቢጠየቅ ስድስት ሳምንት ያስፈልገኛል ብሎ ነበር፤ በምትኩ ለንደን ያለውን ስቱዲዮውን ለአንድ ቀን በነፃ ሰጠ። ኅዳር 25 ቀን 1984፣ እሑድ፣ ዘፋኞቹ መጡና በአንድ ቀን ተቀረጸ። ስለዚህ በየገናው የምትለቁት «የብዙ ከዋክብት ዘፈን» አጥንቱ የአንድ ሰው የቤት ሥራ ነው። ይሄን ስትሰሙ ደስ አይልም? እኔን ደስ ብሎኛል።

ከሦስት ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ሚሊዮን ፓውንድ አመጣ። ግጥሙን በተመለከተ፣ በረዶ አይኖርም ይላል፣ እሺ ይሁን፣ ራስ ዳሽን ላይ ይዘንባል ግን ይሁን። ወንዝ የለም ሲል ግን አባይን የት እንዳደረሰው አላውቅም። ዩር ራሱ ከዓመታት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ዘፈኑ እንደ ዘፈን ዋናው ነገር እንዳልነበረ፣ ዋናው ገንዘቡ እንደነበር ጽፏል። ሰውየው ራሱ «ዘፈኑን ተዉት» ካለ እናንተ ለምንድን ነው የምትሟገቱለት?

እዚህ ጋ ስለ አባቴ አንድ ነገር ልበል። አባቴ በሰባ ሰባት ኤንትሬ ይነዳ ነበር። በአሰብ የገባውን ስንዴ ከኮምቦልቻ እየጫነ፣ በወልዲያ በአላማጣ አድርጎ፣ የግራካሱን ዳገት እየቧጠጠ ኮረም ያራግፋል። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም። አንዴ ግን፣ በበዓል ቀን፣ ጠጅ ቀማምሶ፣ ይሄን ነገረኝ። ስንዴ አራግፎ ጎማ ሲመለከት አንድ ሽማግሌ ከመጠለያው ደጃፍ ተቀምጠው ጠሩት። «ልጄ፣ ቀኑ ስንት ነው?» አሉት። «ታኅሣሥ 29» አላቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አነሳ አድርገው አማተቡ። «እንኳን አደረሰህ» አሉት። አባቴ ምን እንደመለሰ አያስታውስም። ጎማውን ግን ያስታውሳል፣ የኋላው ግራ ነበር የተነፈሰው።

ከዚህ ሌላ መልስ ለዘፈኑ የለኝም። አባቴም ዘፈኑን አይጠላውም። «ስንዴው የመጣው በምን ሆነና» ይላል። የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቤታችን የጋዝ መያዣ ነበር። ስለዚህ እንደ አንዳንዱ ሰው «ምን አደረጉልን» ብዬ አፌን አልከፍትም። ሀገሩም አመስግኗል፤ በ1980 ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ ከያኒዎቻችን ተሰባስበው አገር ላገር የዞሩት ለዚያ ምስጋና ነው።

እና እኛ ለምስጋና ዓለምን በምንዞርበት ሰሞን፣ ሚጅ ዩር ምን እየሠራ ነበር?

ባንዱ ፈርሷል። አልትራቮክስ በ1986 አንድ አልበም አውጥቶ ተበተነ፤ ከበሮ መቺውን ዋረን ካንን ከዚያ በፊት አባረውት ነበር፣ እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ቤት አልሆነም። ዩር የበጎ አድራጎት ኮንሰርቶች ሙዚቃ መሪ ሆኗል። በሰኔ 1988 ዌምብሌይ ስታዲየም ለማንዴላ 70ኛ ዓመት ልደት በተደረገው ኮንሰርት ባንዱን የመራው እሱ ነው፤ ማንዴላ ያኔ እስር ቤት ናቸው። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ሳይደርስ ሁለተኛው የግል አልበም ወጣ። ርዕሱ «አንሰርስ ቱ ናቲንግ» ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመጣ «ለምንም ነገር መልስ» እንደማለት ነው። መልስ አለ፣ ግን የምንም መልስ አይደለም። ቅኔ ቤት ገብቶ ቢሆን ሰም ለበስ ይሉት ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት «ያውቃሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አሁን «እኔ አላውቅም» እያለ መጣ። የእኔ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አልበሙን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ለንደን ነው የሚኖረው። ሲመጣ ሲዲ አምጣልኝ አልኩት፣ ማንኛውንም። ከበጎ አድራጎት ሱቅ፣ ማለትም ሰው ያረጀ ዕቃውን ሰጥቶ ገንዘቡ ለተቸገረ ከሚሄድበት ሱቅ፣ ስድስት ሲዲ አመጣልኝ። አንዱ ይሄ ነው። ሽፋኑ ላይ የዋጋው ተለጣፊ አሁንም አለ፤ አንድ ፓውንድ። ልልጠው ሞከርኩ፣ የሽፋኑን ፕላስቲክ መቧጨር ጀመረ፣ ተውኩት። ለዓለም ድሀ ሚሊዮኖች ያሰባሰበ ሰው ሥራው በአንድ ፓውንድ በእርዳታ ሱቅ ተሸጠ። ከዚያም እኔ ኢትዮጵያዊው እጅ ገባ። ክቡ ተዘጋ ማለት ነው።

መጀመሪያ ርዕሶቹን አነበብኳቸው። በአማርኛ እየመለስኩ፦ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ»። «እህትና ወንድም»። «ስንብት»። «ከሲኦል ወደ ገነት»። «ሀገሬ»። «የመታሰቢያ ቀን»። በእናታችሁ፣ ይሄ የእንግሊዝ ፖፕ ነው ወይስ ከጂዳ ሲመለስ ቦሌ ላይ የተቀበልነው ልጅ ያወጣው ካሴት? ርዕሶቹን ብቻ ወስዶ አንድ የእኛ ገጣሚ በአንድ ሌሊት ሙሉ አልበም ይሠራበታል።

ከዚያ አደመጥኩት። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ አልወደድኩትም። የ1988 ድምፅ አለው። ከበሮው ባዶ ጎተራ ውስጥ የሚመታ ይመስላል። (ከበሮ መቺው ቢግ ካንትሪ የሚባለው ባንድ አባል ማርክ ብርዠዚኪ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የዘመኑ ነው።) ኪቦርዱ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዴ በጣም ያብለጨልጫል፣ እንደ አዲስ የተወለወለ የሆቴል ወለል። ሁለት ሦስቱ ዘፈን ያለፈ ያገደመው ሁሉ የሚሠራው ዓይነት ነው። የርዕሱ ዘፈንም ቢሆን ጥሩ ነው እንጂ ታላቅ አይደለም።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን ቁጭ አልኩ። «እህትና ወንድም»ን ዩር የዘፈነው ከእንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ከኬት ቡሽ ጋር ነው። ኬት ቡሽ እንደዋዛ ከሰው ጋር የምትዘፍን ሴት አይደለችም። ዘፈኑ በቀስታ ይሄዳል። ድምጿ ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ ሰው ይገባል፣ የሱ ድምፅ ደግሞ፣ ያ ጣራ የሚነካው ድምፁ፣ ለእሷ ቦታ ለመልቀቅ ዝቅ ይላል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት። ለሌሊት ፕሮግራም የተፈጠረ ነው። አሁን የምትለቋቸውን ለስላሳ የፈረንጅ ዘፈኖች አውቃቸዋለሁ፣ ሃያ ናቸው፣ ሃያዎቹም ላለፉት ሃያ ዓመታት ያው ናቸው። ሃያ አንድ ብታደርጓቸው ምን ይላችኋል?

ቀጥሎ ያለው «ውድ አምላክ» ነው፣ በእንግሊዝኛው «ዲር ጎድ»። ይሄ የአልበሙ ልብ ነው። ዘፈኑ ደብዳቤ ነው፣ ከሰው ወደ እግዚአብሔር። እዚያ ማዶ ሰው አለ ወይ፣ ጸሎቴን የሚሰማ አለ ወይ ይላል። አይሰብክም። አይቆጣም። ይጠይቃል፣ ከዚያ ይለምናል። ስታዲየሞች የሞሉለት፣ ገንዘቡ የተሰበሰበለት፣ አውሮፕላኑ የተጫነለት ሰው መጨረሻ ላይ የቆመው እንደማንኛችንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። እኔ በአቅሜ እንደዛ ነው የሰማሁት። ዘፈኑን ስሰማ ኮረም ላይ ያማተቡት ሽማግሌ ይመጡብኛል። እሱ ስለሳቸው ከጻፈው ይልቅ ስለራሱ የጻፈው ነው ከሳቸው ጋር የሚያገናኘው። ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላብራራውም።

ማሳሰቢያ፦ በዚሁ ስም ሌላ ዘፈን አለ፣ ኤክስ ቲ ሲ የሚባል የእንግሊዝ ባንድ በ1986 ያወጣው። እሱኛው ተቃራኒውን ነው የሚለው፣ አላምንብህም ነው የሚለው። ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። እሱን በስህተት በሁዳዴ ብትለቁት ስልካችሁ እሳት ይሆናል፣ እኔም አላየሁም አልሰማሁም እላለሁ።

አቀባበሉስ? እንግዲህ ይሄ ነው የሚያሳዝነው ክፍል። የመጀመሪያው አልበም ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጥቶ፣ ከውስጡ አንድ ነጠላ ዜማ አንደኛ ሆኖ ነበር። ሁለተኛው 30ኛ ላይ ቆመ። የርዕሱ ዘፈን 49ኛ፣ «ውድ አምላክ» 55ኛ። አሜሪካኖቹ በሬዲዮ ከገዛ ሀገሩ ሰው ይልቅ ለ«ውድ አምላክ» ደግ ነበሩ። እሱም ቢሆን በዋናው የአሜሪካ ሰንጠረዥ ጫፉን ነክቶ ነው የተመለሰው።

ለምን? ሁላችሁም የምታውቁት ነገር አለ። እዚህም ቢሆን ዘፋኝ ሁለተኛ ካሴት ሲያወጣ ሰው ሳያደምጠው «የመጀመሪያው ይሻላል» ይላል። የቀጣዩም ሳምንት ወሬ «ማን ሠራለት? ግጥሙን ቀየረ እንዴ?» ነው። ለሁለተኛ ሥራ ርኅራኄ የለንም። ግን በዩር ላይ ሌላም ነገር ነበር ብዬ አስባለሁ። ሦስት ዓመት ጠፋ። የጠፋው ለሌላ ሰው ኮንሰርት ሲሮጥ ነው። ሲመለስ የዳንስ ቤቱ ሙዚቃ ተለውጧል፣ ወጣቱ ሌላ ምት ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ደክሞት ነበር። ስለ ድህነት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሕሊና የሚዘፍን ዘፋኝ ሰለቸው። በ1984 ያለቀሰው ሕዝብ በ1988 ትከሻውን ሰበቀ። አልበሙ ደግሞ ያንን ያየ ሰው አልበም ነው፣ ያየውን ደግሞ ላላዩ ሰዎች መሸጥ አይቻልም። የቀለደ ቢሆን ኖሮ ይገዙት ነበር። ጆ ዶልቼን ጠይቁት።

በነገራችን ላይ ያ የገና ዘፈን በ1989፣ በ2004፣ በ2014 እንደገና ተቀርጿል። በ2014 ለኢቦላ ነበር። በ2024 ለ40ኛ ዓመቱ የሁሉንም ዘመን ድምፆች ቀላቅለው አንድ አደረጓቸው። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤድ ሺራን ቢጠይቁኝ ኖሮ ድምፄን አልፈቅድም ነበር አለ። የጋና ልጅ የሆነው ድምፃዊ ፊውዝ ኦዲጂ አፍሪካን በዚህ ዓይን ማየት ይብቃ ብሎ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲከራከር ነበር። ማለትም ፈረንጆቹ ራሳቸው እየተከራከሩበት ያለ ዘፈን እኛ ሀገር ደመቅመቅ ብሎ በበዓል ማለዳ ይለቀቃል። ያውም ፈረንጆቹ ገናቸውን ካከበሩ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ በእኛው ገና! የዘፈኑ ጥያቄ መልስ የሚያስፈልገው ከሆነ «አዎ፣ እናንተ ነበራችሁ የቸኮላችሁት» ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። አንድ ቀን፣ ከበዓል ውጭ በሆነ ተራ ማክሰኞ ሌሊት፣ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልቀቁት። መሀል ላይ አታውሩ። የስፖንሰር ማስታወቂያ አታስገቡ፣ ካስገባችሁም ከ«ውድ አምላክ» በኋላ ሳይሆን ከ«ዋሸ» በኋላ አስገቡ፣ ለማስታወቂያ የሚስማማ ርዕስ ነው። መግቢያ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ በሉ፦ «ይሄ ሰው ስለ እኛ አንድ ዘፈን ሠርቶ ነበር። ይሄ ደግሞ ስለራሱ የሠራው ነው።» ሌላ አያስፈልግም።

ሲዲ የለንም የምትሉ ከሆነ የእኔን አውሳችኋለሁ። ተለጣፊውን ግን እንዳትልጡት።

የገናው ጉዳይ ደግሞ፣ የእኛ የገና መዝሙር ሞልቷል፣ የገና ጨዋታ ዘፈንም ሞልቷል፣ በገናም አለ። ፈረንጅኛ ካላስገባን ሞተን እንገኛለን ካላችሁም «እህትና ወንድም» አለላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሚኒባስ ውስጥ ድፎ ይዘው የሚሄዱ እናት እንዳሉ አስቡ። ትርጉም የሚጠይቁት እኔን ነው፣ እኔም ሁልጊዜ እንደዛ ፈጥኜ የምመልሰው የለኝም።

ሚጅ ዩር ደብዳቤውን የጻፈው ለእግዚአብሔር ነው። እኔ የጻፍኩት ለኤፍ ኤም ነው። ቀድሞ መልስ የሚያገኘው ማን እንደሆነ እናያለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሌሊት አድማጭ

ግልባጭ፦
ለአክስቴ ልጅ፣ ለንደን (የመጀመሪያውንም አልበም ፈልግልኝ፣ ሒሳቡን ስትመጣ)
ለአባቴ
ከመገናኛ ፒያሳ ለሚሠሩ ሹፌሮችና ረዳቶች